ነፋስን ማንበብ፦ ሳተላይትና የፊኛ በረራ ታሪክ



የተሰበሰብንበት ክፍለ ከተማ ስም ለርእሴ መግቢያ ይሆነኛል። «ንፋስ ስልክ» አባቶቻችን ለሽቦ አልባው የሬዲዮ ግንኙነት የሰጡት ስያሜ ነው። ዛሬ የምናገረውም ነፋስ ስለሚወስደው ፊኛና ከሕዋ ያለ ሽቦ ስለሚደርሰው መልእክት ነው።

ፊኛ ከታሪካችን ጋር የተገናኘው በጦር ሜዳ ነው። ከዶጋሊ ጦርነት በኋላ የዘመተው የጣሊያን ጦር፣ በ1880 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ ሰሐጢ በገሠገሡ ጊዜ፣ ለቅኝት የሚያገለግሉ በሃይድሮጂን የተሞሉ ፊኛዎች ነበሩት። እነዚህ በገመድ የታሰሩ ነበሩ። የታሰረ ፊኛ የት እንዳለ መጠየቅ አያሻውም፤ ጥያቄው የሚነሣው ገመዱ ሲፈታ ነው።

በሞቃት አየር የሚንሳፈፍ ፊኛ መሪ የለውም። አብራሪው እሳቱን በማብዛትና በመቀነስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በየከፍታው የተለያየ አቅጣጫ ያለውን ነፋስ መርጦ ይጓዛል። ቀድሞ ይህን ነፋስ የሚያውቀው የጭስን አዘነባበል አይቶ፣ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ ከአንድ ምልክት ወደ ሌላው የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ ነበር። ደመና መሬቱን ከሸፈነበት ግን ስሌቱ ሁሉ ይቋረጣል።

የመጀመሪያው የጂፒኤስ ሳተላይት በ1970 ዓ.ም. መጠቀ። አሜሪካ ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ስታቆም፣ እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት ወደ ጥቂት ሜትሮች ወረደ። ከዚያ ወዲህ አብራሪው የእያንዳንዱን የነፋስ ንብርብር ፍጥነትና አቅጣጫ በቅጽበት ያነባል። ከዚያም በፊት ቢሆን በመጋቢት 1991 ዓ.ም. በርትራንድ ፒካርና ብራያን ጆንስ ያለ ማረፍ ዓለምን በፊኛ ሲዞሩ፣ በሳተላይት የሚታወቀው ስፍራቸውና የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ምክር ተደጋግፈው መርተዋቸዋል።

እዚህ ላይ ለአገራችን የሚበጅ ትምህርት አለ። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በተባለ የልኬት መሠረት ነው፤ ጂፒኤስ ግን የሚጠቀመው ሌላ መሠረት ነው። ይህን ሳያስተካክል የካርታውን ቁጥር ወደ መሣሪያው የሚያስገባ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይሳሳታል። ለሚያርፍ ፊኛ ይህ ርቀት በታጨደ የጤፍ ማሳና በገደል፣ በሜዳና በኤሌክትሪክ መስመር መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሳተላይት ለፊኛ መሪ አልሠራለትም የሚል መከራከሪያ አቀርባለሁ። የሰጠው ነፋሱን የማንበብ ችሎታ ነው። መሣሪያው «እዚህ ነህ» ይላል፤ «እዚህ» ምን እንዳለ የሚነግረን ግን ካርታውን ያዘጋጀው ቀያሽና መሬቱን የሚያውቀው ገበሬ ነው። የእነዚህን ሰዎች እውቀት ቸል ያለ አገር፣ ሳተላይት ቢኖረውም ማረፊያው አስተማማኝ አይሆንም።