የቡና አድርቅ፦ ከመሬት በታች የሚካሄድ ትግል

በሥሩ የሚታመም ዛፍ ሕመሙን የሚናገረው ዘግይቶ ነው። አድርቅ የያዘው የቡና ዛፍ ቅጠሉ ሲጠወልግ ገበሬው የዝናብ እጥረት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከመሬት ጠርዝ ላይ የግንዱ ቅርፊት ሲፋቅ ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሮ ይገኛል። ይህ ከታየ በኋላ ዛፉን የሚያድን መድኃኒት የለም።

በሽታው በመጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዛሬይቱ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ኤክሴልሳ በተባለው የቡና ዓይነት ላይ ነበር። በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ወደ ካሜሩን፣ ወደ ኮንጎና ወደ ኮት ዲቯር ተዛምቶ ሰፋፊ እርሻዎችን አወደመ። በ1948 ስቴያርት የበሽታውን ፈንገስ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ ብሎ ሰየመው። የታመመው ቡና እየተነቀለ ተቃጠለ፤ በምትኩም በሽታውን የተቋቋሙ የሮቡስታ ዝርያዎች ተተከሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወረርሽኙ በመርገቡ ብዙዎች ነገሩ ያበቃለት መሰላቸው።

ፈንገሱ ጤነኛ ቅርፊት ፊት ለፊት ሰብሮ መግባት ያዳግተዋል። የሚጠብቀው ቁስል ነው። በሥር ወይም በግንዱ ግርጌ በኩል ከገባ በኋላ ውኃ ወደ ላይ በሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይሰራጫል፤ የሕዋስ ግድግዳን የሚያሟሙ ኤንዛይሞችንም ያመነጫል። ዛፎች እንዲህ ያለውን ወራሪ የሚመክቱት የተበከሉትን ቧንቧዎች በሙጫ መሰል ነገር በመድፈን ነው። ድፍኑ ፈጥኖና በጥቂት ቦታ ከተገነባ ጠላት ታግዶ ይቀራል፤ ከዘገየና ከበዛ ግን ዛፉ የራሱን የውኃ መንገድ ስለሚዘጋ መከላከያው ራሱ ለመድረቁ አስተዋጽኦ ያደርጋል።

በኢትዮጵያ በሽታውን ስቱዋርት በ1957 በአረቢካ ቡና ላይ አየው፤ ይሁን እንጂ መንሥኤው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የተባለው የቅርብ ዘመድ እንደሆነ አድርጎ መዘገበው። ትክክለኛው ማንነቱ በክራንዝና በሞግክ የተረጋገጠው በ1973 ነው። በኋላ የተካሄዱ የመስክ ጥናቶች በጫካ ቡና ላይ ጉዳቱ አነስተኛ፣ በጓሮና በተከላ ቡና ላይ ግን ከፍተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አረም በገጀራ ሲመነጠርና አፈሩ በመቆፈሪያ ሲኮተኮት የዛፉ ግርጌ ይቆስላል፤ ያው መሣሪያ ሳይጸዳ ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሻገራል። ትጉ የተባለው ገበሬ ለጠላቱ በር ከፋች የሚሆንበት አሳዛኝ ሁኔታ ነው።

በዚህ መካከል አበቃለት የተባለው በሽታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ ተመልሶ ታየ፤ በ1993 ደግሞ ዩጋንዳ ገባ። አሁን የተመታው መዳኛ ተደርጎ የተተከለው ሮቡስታ ራሱ ነበር። በምርመራ እንደተገኘው ፈንገሱ አንድ ሠራዊት አይደለም፤ በኢትዮጵያ ያለው ወገን አረቢካን ሲያጠቃ ሮቡስታን አይነካም፤ ሮቡስታን የሚያጠቃውም አረቢካን ይተዋል።

በ2024 የታተመ ጥናት ለዚህ ልዩነት አንድ ማብራሪያ አቀረበ። ለአሥርት ዓመታት በቅዝቃዜ ተጠብቀው የቆዩ የፈንገስ ናሙናዎች ዳግም ሕይወት ዘርተው ሲመረመሩ፣ ሁለቱ ወገኖች ለማጥቃት የሚረዱ ዘረ መሎችን ከፉዛሪየም ኦክሲስፖረም በየፊናቸው እንደወሰዱ የሚያመለክት ማስረጃ ተገኘ። በ1957 በስሕተት የተጠራው ዘመድ፣ ለካ ከነገሩ ጨርሶ የራቀ አልነበረም።

ዛፉም ባዶ እጁን አይደለም። በጅማ የምርምር ማዕከል በችግኞች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የአገሪቱ የቡና ዓይነቶች በመቋቋም ኃይል እንደሚለያዩ አረጋግጠዋል። ተከላካይ ዝርያ እስኪዳረስ ድረስ ግን የሚመከረው የታመመውን ነቅሎ እዚያው በቆመበት ማቃጠል ነው። ለገበሬው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ አዲሱ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ የደረቀው ግንድ ደግሞ ጥሩ ማገዶ ነው። ስለዚህ ግንዱ በቅርፊቱ ውስጥ ሕያው ዘረ ፈንገስ እንደያዘ፣ በጤነኞቹ ቡናዎች መካከል እየተጎተተ ወደ ቤት ይሄዳል።