በጥቅምት አንድ አጥንት፣ ለቤትስ? ቤታችንን ለብርድ ወራት የምናዘጋጅበት መመሪያ

"በጥቅምት አንድ አጥንት" ይላል የሀገራችን ሰው። ብርዱ ሲመጣ ሰውነት የሚያጠነክረው ነገር ይፈልጋል ለማለት ነው። ቤትም እንደዚያው ነው። እኛ ግን ቤታችንን የምናድሰው አብዛኛውን ጊዜ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና ነው። እንግዳ ይመጣል ብለን ቀለም እንቀባለን፣ መጋረጃ እናጥባለን፣ የሶፋ ልብስ እንቀይራለን። ብርድ ይመጣል ብለን ቤት የምናሰናዳ ጥቂት ነን።

ታዲያ ብርዱ ሲጠና ምን እናደርጋለን? በሩን ጥርቅም አድርገን እንዘጋና ከቡና የተረፈውን ፍም ወደ አልጋው እናስጠጋለን። ሰው የምናጣውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መጋረጃና ምንጣፍ ቢሆንም ዓላማው ቤት ማሳመር ብቻ አይደለም። ቀድሞ የተሰናዳ ቤት ከሰል መኝታ ክፍል ውስጥ እንዲገባ አያስገድድም። ለተከራይም ለባለቤትም፣ ለኮንዶሚኒየምም ለሰርቪስ ቤትም የሚሆነውን ለያይተን እናቀርባለን።

ሁለት ዓይነት ብርድ አለ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በደጋው የሚኖር ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይበርደዋል፤ ሁለቱ ብርዶች ግን አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያው የክረምት ብርድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ፣ ደመናና እርጥበት ይበዛል። ቀኑም ሌሊቱም ይቀዘቅዛል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳ ይሻግታል። የዚህ ጊዜ ጠላታችን እርጥበት ነው።

ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ብርድ ነው። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ማታ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ቶሎ ትለቃለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች አዲስ አበባ ውስጥ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ከፍ ባሉት አካባቢዎች ደግሞ ውርጭ ይጥላል። የዚህ ጊዜ ጠላታችን ንፋስና የሌሊት ቅዝቃዜ ነው።

ለክረምቱ ቤቱን ማድረቅ፣ ለውርጩ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ማቆየት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

በርና መስኮት

በከተማችን ብዙው መስኮት የብረት ነው። ብረት ብርድን ቶሎ ያሳልፋል፤ ሲቆይም ስለሚጣመም ገጥሞ አይዘጋም። ንፋስ የሚገባበትን ለማወቅ ማታ እጃችሁን አርጥባችሁ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ አዙሩ። ቅዝቃዜ የተሰማችሁ ቦታ ላይ ክፍተት አለ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። እስፖንጅ በቀጭኑ ቆርጦ መዝጊያው በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ መለጠፍ፣ መስታወቱ የሚንኳኳ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በማስቲሽ መሙላት ነው። በበሩ ሥር ላለው ክፍተት ከአሮጌ ልብስ ረጅም ከረጢት ስፉና ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልታችሁ ማታ ማታ አስጠጉት።

መጋረጃ ከጌጥነቱ በፊት ልብስ ነው። ለብርድ ወራት ሁለት ድርብ ቢሆን ይመረጣል፦ ለቀን ስሱ፣ ለማታ ወፍራሙ። ወፍራሙ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ተርፎ እስከ ወለሉ ቢወርድ ቀዝቃዛውን አየር ከኋላው ይይዘዋል። አዲስ መግዛት ካልተቻለ ያረጀ ብርድ ልብስ ከመጋረጃው ጀርባ ገበር አድርጎ መስፋት ይበቃል።

ፀሐይን አስገቡ

ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ በእነዚህ ወራት በደቡብ በኩል ያለው መስኮታችሁ ነፃ ማሞቂያ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የዚያን መስኮት መጋረጃ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ቁም ሣጥን ካለ አንሱት። ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ መስኮቱንም መጋረጃውንም ዝጉ። ብዙዎቻችን የምንዘጋው ሲበርደን ነው። ያኔ ሙቀቱ አምልጧል።

አልጋችሁ ከመስኮት ሥር ከሆነ ለእነዚህ ወራት ቦታ ቀይሩለት። ከተቻለ ከውጭ ግድግዳ አርቃችሁ ከሌላ ክፍል ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ በኩል አድርጉት።

ወለልና ጣሪያ

ሊሾም ሆነ ሴራሚክ ከእግር ሙቀት ይወስዳል። ሙሉ ምንጣፍ ውድ ነው፤ ግን ክፍሉን በሙሉ ማልበስ አያስፈልግም። እግር የሚያርፍባቸው ሦስት ቦታዎች፣ ማለትም የአልጋ ዳር፣ የሶፋ ፊትና ልጆች የሚጫወቱበት፣ ከተሸፈኑ ልዩነቱ ይታወቃል። ከታች ሰሌን፣ ከላይ አጎዛ ወይም ምንጣፍ ማድረግ የወላጆቻችን ዘዴ ነው፤ በመሃሉ የሚቀረው አየር ነው ብርዱን የሚያግደው።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ሙቀቱን በጣሪያ ይጨርሳል። ሌሊት የሰው ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ ውኃ ሆኖ ጠዋት የሚንጠባጠበውም ለዚህ ነው። ቺፕውድ ማስመታት አቅም ከጠየቀ፣ ድሮ እንደሚደረገው አቡጀዲ ወጥሮ መግጠም በጣሪያውና በክፍሉ መካከል የአየር ንጣፍ ይፈጥራል። ጨርቁ ከአምፖልና ከሽቦ መራቁን ግን አረጋግጡ።

እርጥበትና ሻጋታ

ሻጋታ ሽታና ጥቁር ነጥብ ብቻ አይደለም፤ አስምና አለርጂ ያለበትን ሰው፣ በተለይ ሕፃናትን ያስቸግራል። ከመቀባታችን በፊት ምንጩን መፈለግ አለብን። ጣሪያው አጠገብ ያለ እርጥበት ከሆነ አሸንዳው በቅጠል ተዘግቶ ወይም ቆርቆሮው ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው እግር ላይ ከሆነ ውኃ ከመሬት እየሳበ ነው፤ በቤቱ ዙሪያ የሚተኛውን ጎርፍ የሚያወጣ ቦይ ያስፈልገዋል። የክፍሉ ማዕዘንና የቁም ሣጥን ጀርባ ከሆነ ደግሞ አየር አጥቷል፤ ዕቃውን ከግድግዳው ቢያንስ አራት ጣት ያህል አርቁት።

ሻጋታውን በውኃ በተቀጠነ በረኪና ማጠብ ይቻላል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በረኪናን ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ሊፈጥር ይችላል። በክረምት እርጥብ ልብስ መኝታ ክፍል ውስጥ አታስጡ፤ ከልብሱ የወጣው ውኃ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነው።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር እንበል። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ በነሐሴ መጨረሻ የሚቀባ ቤት ብዙ ጊዜ በኅዳር ይላጣል። ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ውኃ ሳይወጣ ስለታሸገበት ነው። በዓሉ ካላስገደደ ጥቅምት አጋማሽን ጠብቁ፤ ስቱኮውም ቀለሙም በደረቅ ግድግዳ ላይ ይቆያል።

አልጋ፣ መብራትና ቀለም

ሰውን የሚያሞቀው የልብሱ ክብደት ሳይሆን በመሃሉ የሚይዘው አየር ነው። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ነጠላን የሚያስንቀው ለዚህ ነው። ከአንድ ከባድ ብርድ ልብስ ይልቅ ከሥር ጋቢ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ይሻላል። ቡሉኮ ወይም የመንዝ ባና ያለው ሰው እማ ምን ቸገረው! ብዙዎቻችን የምንረሳው የታችኛውን ነው፤ ስስ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ብርዱ የሚመጣበት ከሥር ስለሆነ፣ አንዱን ብርድ ልብስ ፍራሹና አንሶላው መሃል አንጥፉት። በክረምት ተጣጥፎ የቆየውን ሁሉ በጥቅምት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አስጡ። እርጥበት ያዘለ ብርድ ልብስ አያሞቅም።

እግር ማሞቂያ ከፈለጋችሁ የላስቲክ የሙቅ ውኃ ከረጢት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ተጠቀሙ። የፈላ ውኃ በሃይላንድ መያዝ ግን ይቅርባችሁ፤ ፕላስቲኩ ይኮማተርና ሊያቃጥላችሁ ይችላል።

ለዓይንም የሚሆን አለ። አምፖል ስትገዙ ነጩን ትታችሁ ቢጫ ብርሃን የሚሰጠውን ለሳሎንና ለመኝታ ክፍል ምረጡ፤ ካርቶኑ ላይ 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የሚል ይጻፍበታል። የትራስና የሶፋ ልብስ ወደ ቡናማ፣ ወደ ጥልቅ ቀይ ወይም ወደ ሰናፍጭ ቀለም ሲቀየር ክፍሉ ሞቅ ያለ ይመስላል። ቴርሞሜትሩ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ቤት ሲገቡ ግን ደስ ይላል፤ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለምትጠቀሙ

2,000 ዋት የሆነ ማሞቂያ በቀን 3 ሰዓት ቢበራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ የሚል ነው። ስለዚህ ንፋሱን ሳይዘጉ ማሞቂያ መግዛት በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መያዝ ነው። ማሞቂያውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ሰኩ፤ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይግልና ይቀጣጠላል። ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ሊወስድ ስለሚችል እንጀራ እየተጋገረ ማሞቂያ አታብሩ። ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት፤ ተኝታችሁ አትተዉት።

አሁን ወደ ከሰሉ

ከላይ የነገርናችሁ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮት ይሄዳል፦ ቤቱን ባሸጋችሁት ቁጥር ከሰል ይበልጥ ገዳይ ይሆናል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ ግን ይታፈናል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ያልፋል።

የምንሰማቸውን የተሳሳቱ እምነቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

"ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ብቻ ነው።" ጭስ ባይኖርም ጋዙ ይኖራል። የቀላ ፍም አደገኛ ነው።

"ውኃ አጠገቡ አስቀምጫለሁ፣ ዕጣንም አጭሻለሁ።" ውኃው ጋዙን አይመጠውም። ዕጣንም ሽታ ይቀይራል እንጂ አየር አያጠራም።

"የበሩ ሥር ክፍት ነው።" ጋዙ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል በአንድ ቀዳዳ ወጥቶ አያልቅም።

"ላቀች ምድጃ ነው።" ላቀች ከሰል ይቆጥባል፤ ጋዙን ግን አያስቀረውም።

ከመካከላችን አንዱ በሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ሲኖር ባለፈው ዓመት የሆነውን ነግሮናል። ቡና ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ ምድጃው ክፍሉ ውስጥ ቀረ፤ እሱና እህቱ ራስ ምታት ያዛቸው። ጉንፋን ነው ብለው ሊተኙ ሲሉ ጎረቤት መጥታ በሩን አንኳኳች። ደጅ ቆመው ሲያወሩ ሁለቱም ቀለላቸው። ያኔ ነው የገባቸው። ጎረቤቲቱ የመጣችው ክብሪት ፈልጋ ነበር።

ምልክቱ ይኼው ነው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት። በተለይ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙና ወደ ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ጉንፋን ነው አትበሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና የልብ ሕመም ያለባቸው ቶሎ ይጎዳሉ።

ከደረሰ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ መከላከል ደግሞ በ939 ይጠራል። ሕክምናው ኦክስጅን ስለሆነ ነቅቷል ብላችሁ ቤት አታስቀሩት፤ ጤና ተቋም ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ሊያንቀው ይችላል።

ቡና አታፍሉ አላልንም። በሩን ከፍታችሁ፣ ቢቻል በረንዳ ላይ አፍሉ፤ ሲያልቅ ፍሙን ወደ ውጭ አውጡና በውኃ አጥፉት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣላችሁ?" ሲል ከሽቶው ይልቅ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ አምጣልን በሉት። አሜሪካና አውሮፓ በየቤቱ የሚሰቀል ትንሽ ዕቃ ነው፤ ጋዙ ሲኖር ይጮኻል።

ቅደም ተከተሉ

በሰኔ መጀመሪያ አሸንዳ መጥረግ፣ የተበሳ ቆርቆሮ መድፈን፣ ዕቃ ከግድግዳ ማራቅ።

በጥቅምት ብርድ ልብስና ፍራሽ ፀሐይ ማስመታት፣ የደረቀ ግድግዳ መቀባት፣ መስኮትና በር መድፈን።

በኅዳር 12 ብዙዎቻችን በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ቤትና ግቢ እናጸዳለን። በዚያው ቀን ወፍራሙን መጋረጃ ስቀሉ፣ የአልጋውን ቦታ ቀይሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ፈትሹ። የተጠረገውን ፕላስቲክ ግን አታቃጥሉት።

ገንዘብ ካጠረ ከበሩ ሥርና ከመስኮቱ ጀምሩ፤ ከዚያ የፍራሹ ሥር፣ ከዚያ መጋረጃው፣ በመጨረሻ ምንጣፉ። ፍሙን ማውጣት ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅምና ዛሬ ማታውኑ ይጀመር።

ይህን ጽሑፍ በተለይ ሰርቪስ ቤት ለሚኖሩና ለብቻቸው ተከራይተው ለሚማሩ ወዳጆቻችሁ አድርሱልን። ሞቅ ያለ ሌሊት ይሁንላችሁ።