ቀስት ከጦር ሜዳ ወደ ጨዋታ ሜዳ

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ ነው) በ1545 በእንግሊዝ አገር ቀስትን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፥ ሮጀር አስካም የተባለው የኬምብሪጅ ሊቅ «ቶክሶፊለስ» የተሰኘውን መጽሐፉን ማሳተሙ ነው፤ ስሙ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «ቀስት ወዳድ» ማለት ነው። ሁለተኛው፥ «ሜሪ ሮዝ» የተባለችው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ በጁላይ 19 ቀን በፖርትስመዝ አጠገብ ከነሠራዊቷ መስጠሟ ነው። መጽሐፉን ቀስት የሚወዱ ሰዎች በየዘመኑ ሲያነቡት ኖሩ። መርከቢቱ ይዛው የነበረው ቀስት ግን አብዛኛው ከ400 ዓመት በላይ በባሕር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ቈየ። መጽሐፉና ጭቃው ስለ አንድ መሣሪያ የሰጡት ምስክርነት አንድ ዓይነት አይደለም።

ወደ ነገሩ ከመግባት በፊት ስለ ስሞቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ ቀስት የሚባለው ጎብጦ በአውታር የሚወጠረው እንጨት ነው፤ ከእርሱ ተስፈንጥሮ የሚሄደው ፍላጻ ይባላል። «ቀስተ ደመና» የሚለውም ስም የተሰጠው ስለ ጎባጣው ቅርጽ ነው። በዛሬው ንግግር ግን አቅጣጫ የሚያመለክተው የፍላጻ ሥዕል ራሱ «ቀስት» ሲባል ይሰማል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ መሣሪያው ከእጅ ሲወጣ ስሙም ይደበላለቃል። በኢትዮጵያ የ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ማያ የተባሉት ሕዝብ በመርዘኛ ፍላጻቸው የታወቁ ነበሩ፤ የደጋው ወታደር ግን በጦርና በጋሻ ይመካ ስለ ነበረ፥ የቀስት ቃላት በሰፊው ሕዝብ አፍ እምብዛም አልጸኑም።

በዓለም ላይ ካሉት የቀስት ዓይነቶች ሁለቱ ዛሬ በመዝናኛነት የበለጠ ይታወቃሉ። አንደኛው ከባለቤቱ ቁመት የሚበልጠው የእንግሊዝ ረዥም ቀስት ነው። የሚሠራው ዪው ከሚባለው ዛፍ ሲሆን፥ ጠራቢው የግንዱን ነጩን ውጫዊ እንጨትና ቀላ ያለውን የውስጥ እንጨት ሳይለያይ በአንድነት ያወጣዋል። ነጩ በቀስቱ ጀርባ ሆኖ መሳብን ይችላል፤ ቀዩ በሆዱ በኩል ሆኖ መጨመቅን ይችላል። ሁለተኛው ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙት አጭር ቀስት ነው፤ በእስያ ፈረሰኞችና በቱርኮች ዘንድ ከፍተኛ ደረጃ ደርሷል። ቱርኩ ዪው የሰጠውን ጸጋ በእጁ ሠራው ማለት ይቻላል፤ በቀጭን እንጨት ጀርባ ላይ የእንስሳ ጅማት፥ በሆዱ ላይ ቀንድ በሙጫ እያጣበቀ፥ ሙጫው እስኪደርቅ ብዙ ወራት ይታገሣል። አውታሩ ሲፈታ ቀስቱ ወደ ፊት ተገልብጦ እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። በሁለት አገር የሚኖሩ ጠራቢዎች ሳይተዋወቁ አንዱን ጥያቄ በሁለት መንገድ መመለሳቸው፥ የእጅ ጥበብን ታሪክ ለሚያጠና ሰው መልካም ትምህርት ነው።

ረዥሙ ቀስት በ1346 በክሬሲ፥ በ1415 በአዠንኩር የፈረንሳይን ፈረሰኛ ካሸነፈ በኋላ የእንግሊዝ ነገሥታት በሕግ ሊያጸኑት ብዙ ደከሙ። ኤድዋርድ 3ኛ በ1363 ጤነኛ ወንድ ሁሉ በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመድ፥ የኳስ ጨዋታንም እንዲተው አዘዘ። ሄንሪ 8ኛ በ1541 ባወጣው ሕግ ዕድሜው ከ24 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በቀላል ፍላጻ ከ220 ያርድ፥ ማለት ከ200 ሜትር ያህል፥ በማያልፍ ርቀት ላይ እንዳይለማመድ ከለከለ። ነገር ግን አንድ ሕግ እየተደጋገመ ሲታወጅ ሕዝቡ እንዳልፈጸመው ራሱ ይመሰክራል። የእነዚህ ሕጎች መግቢያም የቀስት ልምምድ ስለ መድከሙ የሚያለቅስ ነው። በ1595 የንግሥት ኤልሳቤጥ መንግሥት ቀስትን ከሠለጠነው ጦር መሣሪያዎች አወጣው፤ ቦታውን ጠመንጃ ወሰደ።

አስካም የነገሩን አካሄድ ከነገሥታቱ ይልቅ ተረድቶት ነበር። ለንጉሡ ባቀረበው መጽሐፍ (ንጉሡም በየዓመቱ 10 ፓውንድ ጡረታ ቈረጠለት) ቀስትን ስለ ጦርነት ማመስገኑ አልቀረም፤ ዋናው ሐሳቡ ግን መጽሐፍ በማንበብ የደከመ ተማሪ ከዳይና ከካርታ ይልቅ በቀስት ቢዝናና ይሻለዋል የሚል ነው። አተኳኰሱንም በአምስት ይከፍለዋል፤ መቆም፥ ፍላጻን በአውታር ላይ ማኖር፥ መሳብ፥ ጥቂት መያዝ፥ መልቀቅ። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በመምህራን ዘንድ ይሠራበታል። ስለ ጦር ቀስት ክብደት ግን በቍጥር የገለጸው የለም፤ በእርሱ ዘመን ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መጻፍ አላስፈለገውም።

ሕግ ያላቆየውን ደስታ አቈየው። በ1781 ሰር አሽተን ሌቨር በለንደን «ቶክሶፊላይት ሶሳይቲ» የተባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ ጥቂት ቈይቶም የዌልስ መስፍን ደጋፊ ሆነው። ልዑሉ የወሰነው 100፥ 80ና 60 ያርድ ርቀት በጨዋታው ሥርዓት ጸና። በ1787 በተቋቋመው «ሮያል ብሪቲሽ ቦውመን» ደግሞ ሴቶች እንደ ወንዶች አባል ሆኑ። ይህ ለጊዜው ብርቅ ነገር ነበር፤ ሴት ከወንድ ጋር በአደባባይ ልትወዳደርባቸው ከምትችላቸው ጥቂት ጨዋታዎች አንዱ ቀስት ሆነ። አሊስ ሌግ የተባለችው ቀስተኛ ከ1881 እስከ 1922 ባለው ጊዜ 23 ጊዜ የአገሩ ሻምፒዮን ሆናለች። ዳሩ ግን ጨዋታ የጠበቀውን ነገር ሳይለውጠው አይተውም። የእነዚህ ማኅበራት ወንዶች ይዘውት የነበረው ቀስት ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ወደ 25 ኪሎ ገደማ ነበር፤ እነርሱም የአዠንኩር ቀስተኛ ወራሾች ነን ሲሉ ልዩነቱን የሚነግራቸው አልነበረም።

ድክመቱን የገለጠባቸው እንግዳ ነው። በ1790ዎቹ አጋማሽ በለንደን የቱርክ መልእክተኛ ጸሐፊ የነበረው ማሕሙድ ኤፌንዲ በማኅበሩ አባላት ፊት በቱርክ ቀስት ፍላጻ ቢሰድ ከ480 ያርድ በላይ ሄደ፤ ይህም 440 ሜትር ያህል ነው። አብዛኞቹ እንግሊዛውያን 300 ያርድ ለመድረስ ይቸገሩ ነበር። ማሕሙድ በአገሩ እንደ ልዩ ጀግና የሚታይ ሰው አልነበረም። በእስታንቡል «ኦክሜይዳን»፥ ማለት «የፍላጻ ሜዳ»፥ ከ1453 ድል በኋላ በሱልጣን መሕመድ 2ኛ ለቀስተኞች የተሰጠ ሲሆን፥ እጅግ አርቆ የሰደደ ሰው ፍላጻው በወደቀበት ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ ይቆምለታል። ተማሪ ከመምህሩ የቀስቱን እጀታ በሥርዓት የሚቀበለው 900 ገዝ፥ ማለት ወደ 600 ሜትር፥ ሲያደርስ ነው። እዚህም ቢሆን ርቀትን መሻት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ለዚህ የተመረጠው ቀጭን ፍላጻ ለጦርነት የሚሆን አልነበረም። ሱልጣን ማሕሙድ 2ኛ ጦሩን በአውሮጳ ሥርዓት ሲያሠለጥን ራሱ ግን በኦክሜይዳን ቀስት ይስብ ነበር፤ ባዘዘውም መሠረት ሙስጠፋ ካኒ ስለ ቀስት ጥበብ ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ። አሜሪካዊው ፖል ክሎፕስቴግ በ1934 ስለ ቱርክ ቀስት ያሳተመው ጥናት በዚህ መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ከአዳኝ ጋር የተያያዘ ነው። በኦገስት 1911 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል አጠገብ የተገኘው ኢሺ፥ የያሂ ሕዝብ በነጭ ሠፋሪዎች እጅ ካለቀ በኋላ ብቻውን የቀረ ሰው ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ሲኖር ሳክስተን ፖፕ የተባለው ሐኪም ወዳጁ ሆነ፤ ቀስት መጥረብን፥ ፍላጻ ማላባትን፥ ወደ አውሬ ተደብቆ መቅረብንም ከእርሱ ተማረ። ኢሺ በሩቅ ለተተከለ ዒላማ ደንታ አልነበረውም፤ የእርሱ ጥበብ ከአውሬው አጠገብ መድረስ ነበር። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ በ1918 ስለ ያሂ ቀስት ጥናት አሳተመ፤ በ1923 ያወጣውም የአደን መጽሐፍ ብዙ አሜሪካውያንን ቀስት አስያዘ። ይሁን እንጂ ፖፕ ለአደን የያዘው የኢሺን አጭር ቀስት ሳይሆን ከዪው የተሠራውን የእንግሊዝ ቀስት ነበር። ከመምህሩ የወሰደው ፍቅሩንና ትዕግሥቱን ነው፤ የያሂ ቀስት ግን በሙዚየም ቀረ።

«ባህላዊ ቀስት» የሚለው ስም ራሱ አዲስ ነው። በ1966 ሆሊስ አለን በጫፎቹ መዘውር የተተከለበትን ቀስት ፈለሰፈ፤ መዘውሩ ቀስቱ ተስቦ ሲያልቅ ሸክሙን ስለሚያቀል ወዲያው በአዳኞች ዘንድ ተስፋፋ። ይህን ያልወደዱት ሰዎች ወደ ረዥሙ ቀስትና ወደ ቆልማማው ቀስት ተመለሱ፤ ማነጣጠሪያ ሳይጠቀሙ ዓይናቸውን በዒላማው ላይ ብቻ ተክለው ፍላጻቸውን ይሰዳሉ። በ1972 ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰው ቆልማማ ቀስት ግን ማነጣጠሪያና ማመዛዘኛ ዘንግ ያለው ስለ ሆነ ከእነዚህ ጋር አይቈጠርም።

ከዚያ በኋላ ጭቃው ተናገረ። የ«ሜሪ ሮዝ» ቅሪት በ1982 ከባሕር ሲወጣ ከ130 በላይ ሙሉ ቀስቶችና ከ3,000 በላይ ፍላጻዎች ተገኙ። ሊቃውንት እንደ ገመቱት ቀስቶቹን ለመሳብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ የሚደርስ ኃይል ያስፈልግ ነበር። ይህን ካወቁ በኋላ አንዳንድ ወዳጆች የመርከቢቱን ቀስቶች እያስመሰሉ ጠርበው ለመሳብ ይለማመዱ ጀመር፤ ክንድና ወገብ በዓመታት ብቻ እንደሚጠነክር በገዛ ሰውነታቸው አወቁ። የቱርክ ባህላዊ ቀስት በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ። የኦክሜይዳን ሜዳ ግን አብዛኛው ቤት ተሠርቶበታል፤ ፍላጻ የወደቀባቸውን ቦታዎች ከሚያመለክቱት ድንጋዮች ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ በቤቶች መካከል ቆመው ይታያሉ።