እውነትን የመናገር ግዴታ በፍልስፍናና በሕክምና ታሪክ

በሆስፒታል መተላለፊያ ላይ የታካሚው ልጅ ሐኪሙን ለብቻው አቁሞ «ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን ለአባታችን እንዳይነግሩት» ብሎ ሲማጠን መስማት ለአብዛኞቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። «ሐኪም አይዋሽም» የሚለው ሕግ ብቻውን ለዚህ ተማጽኖ በቂ መልስ ይሰጣልን? ጥያቄው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

በግዴታ ላይ የተመሠረተውን ሥነ ምግባር በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመው ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ሥራው፣ የአንድ ድርጊት ትክክለኛነት የሚለካው በውጤቱ ሳይሆን፣ ድርጊቱ የተመራበት መርሕ ለሰው ሁሉ ሕግ መሆን በመቻሉ ነው ሲል አስተማረ። የተቸገረ ሁሉ የሐሰት ቃል ቢገባ ቃል መግባት ራሱ ትርጉም ያጣል። ሰውንም እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም አይፈቀድም። የታካሚን ክብርና ፈቃድ ለምናስከብርበት አሠራር ይህ አስተሳሰብ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ቤንዣሚን ኮንስታን የተባለው ጸሐፊ ብርቱ ተቃውሞ አነሣ። ነፍሰ ገዳይ የሚያሳድደው ወዳጃችን በቤታችን ተሸሽጎ ሳለ ገዳዩ መጥቶ ቢጠይቀን እውነቱን እንነግረዋለንን? እንደ ኮንስታን አባባል እውነት የሚገባው እውነትን የመስማት መብት ላለው ብቻ ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በሰጠው መልስ ግን፣ መናገር ግድ በሆነበት ጊዜ እውነትን መናገር ለሰው ሁሉ የሚገባ ግዴታ ነውና ለገዳዩም ቢሆን መዋሸት አይገባም አለ።

በዚህ መልስ የሁሉን አቀፍ ሕግ ሁለት ድክመቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ እውነትን የመናገርና ሕይወትን የመጠበቅ ግዴታዎች ሲጋጩ የሌላውን ክብደት ሳይመዝን አንዱን ብቻ ያጸናል። ሁለተኛ፣ ፍርዱ መርሑን በምንገልጽበት ቃል ይለዋወጣል፤ «መዋሸት» ለሁሉ ሕግ ሊሆን ባይችልም፣ «ንጹሕን ሰው ከገዳይ ለማዳን መዋሸት» ግን ሊሆን ይችላል።

የሕክምናው ዓለም በበኩሉ በተቃራኒው መንገድ ሄዶ ተሳስቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ፐርሲቫል እ.ኤ.አ. በ1803 ባሳተመው የሕክምና ሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ እውነቱ ታካሚውን በብርቱ የሚጎዳው ከሆነ ሐኪሙ ሊሰውረው እንደሚችል ጻፈ። ጥንቃቄ የተሞላበት ልዩ ሁኔታ ውሎ አድሮ ልማድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ ካንሰርን ለታካሚው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው ተመሳሳይ ጥናት ግን 97 በመቶዎቹ መንገርን መረጡ። ስለዚህ ልዩ ሁኔታን የማያውቅ ሕግ ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ለሐኪሙ በጎ ፈቃድ ብቻ የተተወ ልዩ ሁኔታም ታካሚውን ስለ ገዛ ሕይወቱ እንዳይወስን ያደርገዋል።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ደብልዩ. ዲ. ሮስ እ.ኤ.አ. በ1930 የመካከሉን መንገድ አመለከተ። ግዴታዎቻችን ብዙ ናቸው፤ ከበድ ያለ ሌላ ግዴታ ካልተቃወማቸው በቀር እያንዳንዳቸው ያስገድዱናል። በሌላ ግዴታ የተሸነፈውም ቢሆን ፈጽሞ አይሻርም።

ይህ አመለካከት ለእኛ ይጠቅማል። በባህላችን መርዶ በማንና በምን ሰዓት እንደሚነገር ሥርዓት አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 የውብዳር በየነ ያሳተመችው ጽሑፍም፣ በአሜሪካ የሚገኙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና በቀጥታ ሲነገራቸው ከዚህ ልማድ ጋር እንደሚጋጭ አሳይቷል። ሆኖም ጊዜ መርጦ መናገርና ዘመድን ማስቀደም አንድ ነገር ነው፤ መዋሸት ሌላ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ለልጁ ቃል ከመግባቱ በፊት አባትዬውን «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ከማን ጋር ሆነው?» ብሎ ይጠይቅ። «ልጄ ይስማልኝ» ካለ ፈቃዱ ይከበር። «ንገረኝ» ካለ ግን እውነቱ የእርሱ ነው።