ማነጣጠሪያ እንደ ታሪክ ምስክር፦ የሁለት ጠመንጃዎች ንጽጽር



የጠመንጃ ታሪክ አዘውትሮ የሚተርከው ስለ ጥይትና ስለ መዝጊያ ነው። እኔ ግን ማነጣጠሪያውን እንድንመረምር እሻለሁ፤ መሣሪያው ለማን እንደ ተሠራ አጉልቶ የሚመሰክረው እርሱ ነውና።

ለአብነት የአሜሪካው ዊንቸስተር ኩባንያ የሠራቸውን ሁለት ጠመንጃዎች ላንሣ። የሁለቱም መዝጊያ በእጅ የሚሳብ ነው፤ ሁለቱም የሚተኩሱት አቀጣጣይ ቅመሙ በቀለሁ ግርጌ ጠርዝ ውስጥ የተቀመጠ ባለ .22 ካሊበር ጥይት ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1900 ሞዴል አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ርካሽ መሣሪያ ነበር። የኋላ ማነጣጠሪያው በበርሜሉ ላይ የተተከለ ተራ ስንጥቅ ነው፤ ስለዚህ ተኳሹ ስንጥቁን፣ የፊቱን ጉጥና ዒላማውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ለማየት ይቸገራል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የተወለደው ሞዴል 52 ግን ወታደራዊ ቅርጽ ያለው ሰደፍና አምስት ጥይት የሚይዝ ካርታ ነበረው። የኋላ ማነጣጠሪያው ወደ ዓይን ቀርቦ የሚስተካከል ቀዳዳ ሆነ። ዓይን ሳይታዘዝ የቀዳዳውን መሐል ይፈልጋል፤ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት መርዘሙም ስሕተትን ይቀንሳል። የፊተኛው የታሰበው ለመዝናኛ ተኳሽ፣ የኋለኛው ለተወዳዳሪ ነበር።

ሆኖም ማነጣጠሪያ በቀላሉ የሚለወጥ አካል ነው። በኋላ ዘመን የተበሱ የብሎን ቀዳዳዎችን ሳንመረምር ብንፈርድ፣ የባለቤቱን ምኞት የፋብሪካው ሐሳብ አድርገን እንጽፋለን።