ሲጋራና ሳንባ፤ ሐኪሞች እውነቱን የደረሱበት መንገድ

በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ እንደሚጽፉ እናውቃለን። እኛ የመረጥነው ታሪክ ግን ንጉሥም ጦርም የለበትም። ይኸውም የሳንባ ካንሰር ከምን እንደሚመጣ ሰዎች እንዴት እንደ ደረሱበት የሚናገር ነው። ከመጀመራችን በፊት ለወላጆቻችን አንድ ነገር እናስታውሳለን። በአገራችን «የሳንባ ነቀርሳ» እየተባለ ሲጠራ የኖረው በሽታ በተሐዋሲ የሚመጣውና በሳል የሚተላለፈው ቲቢ ነው። ካንሰርም በአማርኛ ነቀርሳ ስለሚባል ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የሳንባ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የገዛ አካላችን ሴሎች ሥርዓታቸውን ትተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ካንሰር እያልን እንጠራዋለን። ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በአውሮፓና በአሜሪካ ስለሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ዛሬ ይህ በሽታ ከካንሰሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድል ነው። በ2022 ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ታመሙበት፣ በዚያው ዓመትም 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱበት ተገምቷል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። በ1912 አይዛክ አድለር የሚባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም ስለዚሁ በሽታ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ከልዩ ልዩ አገር ሐኪሞች ጽሑፍ ለቅመው ያገኙት 374 በሽተኛ ብቻ ነበር። በሽታው እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ ስለርሱ መጽሐፍ መጻፍ ተገቢ ነው ወይ ብለው ራሳቸውን ጠይቀዋል።

በብዛት የታወቀበት ስፍራ ቢኖር በጀርመን አገር የሽኔበርግ ማዕድን ማውጫ ነበር። በ1879 ሄርቲንግና ሄሰ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች የሠራተኞቹን ሞት መርምረው ከ4ቱ 3ቱ ያህል የሚሞቱት በዚህ የሳንባ በሽታ መሆኑን ገለጡ። መንሥኤው ከዐለቱ የሚወጣው ራዶን የተባለ ጨረር ያለው ጋዝ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በ1919 ደግሞ በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ አልተን ኦክስነር የሚባል የሕክምና ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር የአንድ ሟች አስከሬን ሲመረመር እንዲያይ ተጠራ። መምህሩም ይህን በሽታ በሕይወታችሁ ዳግመኛ ላታዩት ትችላላችሁና ደኅና አድርጋችሁ ተመልከቱ አሏቸው። በሽታው የሳንባ ካንሰር ነበር። በእርግጥም ኦክስነር 17 ዓመት ሙሉ ሌላ አላየም። በ1936 ግን፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ የታወቀ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከሆነ በኋላ፣ በ6 ወር ውስጥ 9 በሽተኞች መጡለት። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ብዙ የሚያጨሱ፣ ማጨስ የጀመሩትም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆኖ ተገኘ።

ይህ እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አልነበረም። ትምባሆ በፒፓ ሲጨስ፣ ሲታኘክና ሲሸተት ብዙ ዘመን ኖሯል። በ1881 ግን ጄምስ ቦንሳክ የሚባል አሜሪካዊ ሲጋራ የሚጠቀልል መኪና ሠርቶ የባለቤትነት መብት ተሰጠው። አንዱ መኪና በቀን 120,000 ያህል ሲጋራ ያወጣ ጀመር። ዋጋው ረከሰ። የሲጋራው ጭስ ከፒፓው ይልቅ ለስለስ ያለ ስለሆነ ሰው እስከ ሳንባው ድረስ ይስበዋል፤ ጉዳቱም ከዚሁ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ሲጋራ ከስንቅ ጋር ለወታደር ይታደል ነበር። ካንሰሩ 20 ዓመት ያህል ተደብቆ የሚያድግ ስለሆነ፣ በ1917 ማጨስ የጀመረው ወታደር ሐኪም ቤት የደረሰው በ1936 ገደማ ነው። ምክንያቱንና ውጤቱን ይህን ያህል ዘመን ስለሚለያያቸው ሁለቱን ማገናኘት ለሰው አእምሮ ከባድ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን የኤቫርትስ ግራሃም ነገር ነው። ዶክተር ግራሃም በሴንት ሉዊስ የቀዶ ሕክምና መምህር ነበሩ። ሚያዝያ 5 ቀን 1933 ካንሰር የያዘውን አንድ የ48 ዓመት ሰው፣ እርሱ ራሱ ሐኪም የሆነውን፣ ደረቱን ከፍተው ግራ ሳንባውን በሙሉ አወጡለት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ሙሉ ሳንባ በአንድ ጊዜ ወጥቶለት ከካንሰር የዳነ ሰው አልነበረም። በሽተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወደ አገሩ ሄዶ ጥርሱን አሳከመ፤ የመቃብር ቦታም ገዛ ይባላል። መዳንንም ሞትንም አስቦ የተሰናዳ ሰው ነበር ማለት ነው። የመቃብሩ ቦታ ግን 30 ዓመት ሳይፈለግ ቆየ።

እኒህ ታላቅ ሐኪም ብዙ ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ኦክስነር ሲጋራ ነው ጠንቁ ሲላቸው አልተቀበሉትም፤ የሲጋራ ሽያጭ እንደ ጨመረ ሁሉ የሴቶች ስቶኪንግ ሽያጭም ጨምሯል ብለው ቀለዱበት ይባላል። ቀልዱ ቁም ነገር አለው። ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ጨመሩ ብቻ አንዱ የሌላው መንሥኤ ነው ማለት አይቻልምና። ኤርንስት ዊንደር የሚባል ተማሪያቸው ነገሩን በሽተኞችን እየጠየቅሁ ልመርምር ብሎ ፈቃድ ሲለምናቸውም የፈቀዱለት ሐሳቡን አምነውበት አልነበረም። በ1950 የሁለቱ ጥናት ታተመ። ካንሰሩ ከያዛቸው 605 ወንዶች ውስጥ ከመቶ 96.5ቱ ለብዙ ዓመታት በመጠኑ ወይም ከመጠን በላይ ያጨሱ ነበር። ግራሃም የራሳቸው ጥናት አሸነፋቸውና ሲጋራቸውን ተዉ። ነገር ግን ዘግይተው ነበር። በ1957 መጀመሪያ በሁለቱም ሳንባቸው ካንሰር ተገኘ፤ ይህንኑም ለኦክስነር በደብዳቤ ገለጡለት። በመጋቢት ወር ዐረፉ። በ1933 ያዳኑት በሽተኛ ግን እስከ 1963 ኖሯል።

በዚያው በ1950 በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ሌላ ጥናት አወጡ። በእንግሊዝና በዌልስ በ1922 በሳንባ ካንሰር የሞቱት 612 ሲሆኑ፣ በ1947 ግን 9,287 ሆነው ነበር። ዶል መጀመሪያ የጠረጠሩት የመንገዱን አስፋልት ቅጥራንና የአውቶሞቢል ጭስ ነበር፤ እርሳቸውም በዚያን ጊዜ ያጨሱ ነበርና። በለንደን 20 ሐኪም ቤቶች የተኙትን የካንሰር በሽተኞች፣ ከነርሱም ጋር በዕድሜ የሚተካከሉ ሌላ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ አስጠየቁ። ካንሰር ካለባቸው 649 ወንዶች መካከል አጭሰው የማያውቁ 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከሌሎቹ 649 ውስጥ ግን 27 ነበሩ። በመካከሉ የተገኘ አንድ ነገር ደግሞ ይበልጥ አሳመናቸው። አንዳንዶቹ በጥያቄው ጊዜ ካንሰር ይዟቸዋል ተብለው የተጠየቁ፣ በኋላ ግን በሽታው ሌላ መሆኑ የታወቀ ነበሩ፤ የነዚህም የማጨስ ልማድ ካንሰር እንደሌለባቸው ሰዎች ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጠያቂዎቹ መልሱን ወደሚፈልጉት አጣመሙት ለማለት አልተቻለም። ዶል ሥራው ሳያልቅ ሲጋራ ተዉ።

ሆኖም ብዙ ሐኪሞች አላመኑም። እንግዲህ ሂልና ዶል ጥያቄውን ወደ ሐኪሞቹ ወደ ራሳቸው አዞሩት። በ1951 ለ59,600 ያህል የብሪታንያ ሐኪሞች ታጨሳለህ ወይ፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ የሚል አጭር ደብዳቤ ላኩ፤ ከ40,000 በላይ የሚሆኑት መለሱ። ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ መጠበቅ ነበር። ሐኪም በመዝገብ ላይ ያለ ሰው ስለሆነ መቼና በምን እንደ ሞተ ማወቅ ይቻላል። በ1954 የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ በሳንባ ካንሰር የሞቱት ሐኪሞች 36 ነበሩ። ሁሉም አጫሾች ነበሩ። ጥናቱ በዚያ አልቆመም፤ ልክ በ50 ዓመቱ በ2004 ዶል የመጨረሻውን ውጤት አወጡ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 91 ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው በአማካይ 10 ዓመት ቀድሞ ይሞታል። በ60 ዓመቱ የተወ 3 ዓመት ያህል፣ በ50 የተወ 6፣ በ40 የተወ 9፣ በ30 የተወ 10 ዓመት ያህል መልሶ ያገኛል።

የሲጋራ ኩባንያዎችስ ምን አደረጉ? ጥር 4 ቀን 1954 ከ400 በሚበልጡ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ገጽ የሞላ ማስታወቂያ አወጡ። ማስረጃው አልተረጋገጠም፣ የሕዝቡን ጤና ግን ከሁሉ እናስቀድማለን፣ ምርምርም እናስደርጋለን የሚል ነበር። በ2006 ግን በዋሽንግተን የተሰየመ የፌዴራል ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ለ50 ዓመት ያህል እውነቱን እያወቁ ሕዝቡን አታለዋል ሲል ፈረደ። በመካከሉ የብሪታንያ ንጉሣዊ የሐኪሞች ኮሌጅ በ1962፣ የአሜሪካ የጤና ሹም ሉተር ቴሪ ደግሞ ጥር 11 ቀን 1964 ሲጋራ ካንሰር ያመጣል ብለው በይፋ አስታውቀዋል። የቴሪ ሪፖርት የወጣው ሆን ተብሎ በቅዳሜ ቀን ነው፤ የአክሲዮን ገበያው እንዳይናወጥና የእሑድ ጋዜጦች ሁሉ እንዲያወጡት ነው። ያን ጊዜ ከመቶ 42 ያህል የአሜሪካ ጎልማሶች ያጨሱ ነበር፤ በ2022 ከመቶ 12 ገደማ ነበሩ። ወደዚህ ቁጥር ለመውረድ 60 ዓመት መፍጀቱን ስናይ የማስታወቂያው ሥራ ከንቱ እንዳልነበረ ይገባናል።

በሽታውን ቀድሞ ስለ ማግኘት ደግሞ ጥቂት እንጨምር። ሳንባ ውስጡ ስለማያምም ሰው ሳል ከጠናበት ወይም ደም ከተፋ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሚመረመረው። በ1970ዎቹ አጫሾችን በራጅ ደጋግሞ በመመርመር ሞትን ለመቀነስ ተሞክሮ አልተሳካም። በ2011 ግን በአሜሪካ በ53,454 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አነስተኛ ጨረር ባለው ሲቲ ስካን በየዓመቱ የተመረመሩት በራጅ ከተመረመሩት ይልቅ በዚህ ካንሰር መሞታቸው በመቶ 20 እንደ ቀነሰ አሳየ። ችግሩ ግን ምልክት ታየባቸው ከተባሉት ከመቶ 96ቱ ካንሰር ያልነበረባቸው መሆናቸው ነው። ስለዚህ ምርመራው ለሁሉ ሰው አይታዘዝም። አሜሪካ በ2021 የወሰነችው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆነ፣ በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት ወይም ከዚህ ጋር የሚተካከል ላጨሱና ወይ አሁንም ለሚያጨሱ ወይም ከተዉ 15 ዓመት ላልሞላቸው ነው።

ሕክምናውም ከግራሃም ቢላዋ ወዲህ ሰፍቷል። ጨረርና ኬሞቴራፒ ተጨመሩ። በ2004 በአንዳንድ በሽተኞች ካንሰር ውስጥ ያለ የዘረ መል ለውጥ ተገኝቶ ለዚያ ብቻ የሚሠራ ኪኒን እንደሚረዳቸው ታወቀ፤ ይህ ለውጥ ይበልጥ የሚታየው አጭሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ ነው። በሳንባ ካንሰር የታመመ ሰው ሁሉ አጫሽ ነበር ብሎ መፍረድ ስሕተት የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ራዶን አለ፤ አስቤስቶስ አለ፤ ሌላው ያጨሰው ጭስ አለ።

የማጀት ጭስም አለ፤ በዚህ ላይ የእናቶቻችን ነገር ይመጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ፣ የእንጨት ጭስ ደግሞ ሳያመጣ እንደማይቀር አስታውቋል። መስኮት በሌለው ማጀት እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ሳንባዋ ግን ጭስ ያውቃል። የማጀት በርና መስኮት መክፈት፣ የጭስ መውጫ ማበጀት፣ መብራት ባለበት በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር በየቤቱ የሚሠራ ነገር ነው።

ስለ ሲጋራውም አገራችን ሕግ አላት። በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያንም ከልክሏል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥም ክልክል ነው፤ ይህም በዚህ መጽሔት ላይ ስማችን የወጣውን ተማሪዎች በሙሉ ይመለከታል።