ሲዋክ፦ ጥርስን ሳይጎዱ የማንጣት የቀደምቶች መንገድ

ዒድ ወይም ሠርግ ሲቃረብ ልጆቻችን «ጥርሴን በምን ላንጣው?» እያሉ ይጠይቁናል። አንዱ ሎሚ በጨው፣ ሌላው አመድ፣ ሌላው የተፈጨ ከሰል ይመክራል። ምክሩን ከመቀበላችን በፊት ቀደምቶቻችን ምን ያደርጉ እንደነበር እንመልከት።

ከጂንካ ወደ ኦሞ ወንዝ የወረደ ሰው የካሮዎችን መንደር ኮልቾን ከወንዙ መታጠፊያ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያገኛታል። ካሮዎች ገላቸውን በነጭ አፈር በማስዋብ ይታወቃሉ። ለጥርስ ግን አላህ ለዚህ ቆላ ሌላ ጸጋ ሰጥቶታል። ዐረቦች «አራክ» የሚሉት፣ ሲዋክ የሚቆረጥበት ዛፍ በኦሞ ሸለቆም ይበቅላል። በደጋው ደግሞ ከወይራ፣ ከክትክታና ከልምጭ መፋቂያ እንቆርጣለን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኡመታቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክን ያዙ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እ.ኤ.አ. በ632 በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ እንኳ ዐብዱረሕማን ኢብኑ አቢበክር ሲዋክ ይዞ ሲገባ በዓይናቸው ተከተሉት። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ፍላጎታቸውን ተረድታ በጥርሷ አለስልሳ ሰጠቻቸው። ለውበት ሲባል ጥርስን ሞርዶ ማራራቅን ግን አጥብቀው አውግዘዋል። ማጽዳት ሌላ፣ የአላህን ፍጥረት ማበላሸት ሌላ ነው።

ከዘመናት በኋላ የአንደሉሱ ሐኪም አዝ-ዘህራዊ (936–1013) በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ቀለሙን እንደሚያበላሸው ጻፈ። ለመፋቂያ የሚሆኑ መሣሪያዎችን በሥዕል አሳየ። በአንድ ቀን ካልለቀቀ በሌላ ቀን እንዲደገም መከረ እንጂ አላስቸኮለም።

የዘመኑ ጥናትም ከዚህ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት የአገራችን መፋቂያ በአግባቡ ከተያዘ ከቡርሽ እንደማያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያን መክሯል።

ታዲያ ሎሚና ከሰል ምን ያደርጋሉ? የሎሚ አሲድ ኢናሜል የሚባለውን የጥርስ ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል፤ ከሰልና አመድ ይሞርዱታል። ሽፋኑ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫ ክፍል ይታያል። ነጭ የፈለገ ሰው ጥርሱን ያስቢጫል ማለት ነው። ኢናሜል ደግሞ አንዴ ከሄደ ተመልሶ አይበቅልም።

በሐኪም ቤት የሚሠራው ማንጫ ፔሮክሳይድ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2012 ወዲህ ከ0.1 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ያለውን እስከ 6 በመቶ የሚሰጠው በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀድም። ስለዚህ ከሱቅ የተገዛ ስሙ የማይታወቅ ማንጫ ለልጅ አይሰጥ።

አንድ ነገር ግን እንወቅ። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ቡናማ ጥርስ አላቸው። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲፈጠር የገባ ነው። ቢፋቅም አይለቅም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ጥርስህን አትታጠብም» ብለን አናሳፍረው፤ ለሐኪም እናሳየው።

ለሌሎቻችን መንገዱ አጭር ነው። የለሰለሰ መፋቂያ በየሶላቱ፣ ጫፉ ሲያረጅ ቆርጦ መጣል፣ ድድን ሳያደሙ ቀስ ብሎ መፋቅ፣ ማታ ከመኝታ በፊት በጥርስ ሳሙና መታጠብ፤ ጫትና ሲጋራን መተው። ጥርስ አማና ነው፤ አማናን ደግሞ በጥድፊያ አናበላሸውም።

ወሏሁ አዕለም።